የስ በለው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው አማኑኤልን አልፎ፣ ፍኖተ ሰላም ከመድረሱ በፊት ደምበጫን ያገኛል። ትልቋ እህቴ ትዳር የያዘችው እዚያ ነው። ባለቤቷን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጣሁ ብለው ግን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚ አልቆጠሩም። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው በየለቅሶው መዞር ያዙ። አልቃሾች የሚያወርዱትን ሙሾ ይለቅማሉ። ሌላው ከቀብር ተመልሶ ንፍሮውን እየቆረጠመ ወሬውን ሲይዝ፣ እሳቸው ጥግ ይዘው የሰሙትን ሳይረሱት ይጽፋሉ። «ሟቹን አፈር በላው፤ ስለ ሟቹ የተባለውን ደግሞ ለምን ነፋስ ይውሰደው?» ይላሉ። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ ቃል ግጥም ብዙ ለፍልፌያለሁ። እንደ እሳቸው አንድ ደብተር እንኳ አልሞላሁም።

በ2003 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ ሳሎኑ ውስጥ አዲስ እንግዳ ቆየኝ፤ ዳንቴል የለበሰ ኮምፒዩተር። አዲስ አበባ ሥራ የያዘችው ልጃቸው የላከችላቸው ነው። ጋሼ ደብተሮቻቸውን ወደዚያ እየገለበጡ ነበር፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በሁለት ጣት። ገና አረፍ ከማለቴ ክሳቸውን አሰሙኝ።

«አንተ፣ ይኼን ዕቃ አንድ በልልኝ እስቲ! በገዛ ቤቴ ሌባ አደረገኝ እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም በከፈቱ ቁጥር ስክሪኑ ድንገት ይጨልምና መሐሉ ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ ትላለች። የምትጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሚከተለው ፕሮግራም በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ?» እንደ ማለት ነው። «የስ» ካላሏት አታሳልፍም። ጠዋት የስ፣ ከሰዓት የስ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ እንደገና የስ። ያኔ የመሰናዶ ተማሪ የነበረው የመጨረሻው ልጃቸው ጓዳ ሆኖ «አባባ፣ ዝም ብለህ የስ በለው!» እያለ ይጮኻል።

እኔም «የተማረው ወንድም» ነኝና ወንበሩን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ማስተካከያው ጋ ገባሁ። አራት ደረጃ ያላት፣ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት መቆጣጠሪያ አለች፤ ከላይ «ሁልጊዜ አሳውቀኝ»፣ ከታች «በጭራሽ አታሳውቀኝ»። ጎትቼ ከታች አሳረፍኳት። ሳጥኗ ለመጨረሻ ጊዜ ብቅ ብላ ይህንንስ ትፈቅዳለህ ወይ አለችኝ። የስ አልኳት። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ ሳበራው ቤቱ ሰላም ሆነ። ጋሼ መረቁኝ፤ እህቴም ቡናውን አንድ ሲኒ ጨመረችልኝ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ሁለት ደቂቃ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሳጥኗን እንደ ጽሑፍ እናንብባት። የቆየ ሙያዬ ነውና አትታዘቡኝ።

ተናጋሪው ማን ነው? ከላይ «ዩዘር አካውንት ኮንትሮል» የሚል ተጽፏል። ይኼ ስም ነው ወይስ የመሥሪያ ቤት ማኅተም? ቀጥሎ «ለውጥ እንዲያደርግ» ይላል። ምን ዓይነት ለውጥ? የት? ለስንት ጊዜ? አይነግሩህም። «ለውጥ» የሚለውን ቃል ያለ ማብራሪያ ተቀብሎ መዘዙን ሲቆጥር የኖረ ሕዝብ ቢኖር እኛ ነን፤ ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ሲመጣ ትንሽ ብንደነግጥ አይፈረድብንም። አንዳንዴ ደግሞ ሳጥኗ ቀለሟን ወደ ቢጫ ቀይራ «አሳታሚው ያልታወቀ» ትላለች። እኔን መሰሉ የመጽሐፍ ሰው ይህንን ሲያነብ በ1966 ዓ.ም. በየግድግዳው ሥር ይበተን የነበረው ስም የለሽ ወረቀት ትዝ ይለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ዲጂታል ፊርማውን አላኖረም ለማለት ነው። ፊርማ የሌለው ሁሉ ሌባ አይደለም፤ የጋሼ የአማርኛ መጻፊያም ፊርማ አልነበረውም። ፊርማ ያለው ሁሉ ደግሞ ጨዋ አይደለም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የተደረሰበት ስተክስኔት የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ከሁለት የታይዋን ኩባንያዎች በተሰረቀ ፊርማ ነበር የሚዞረው።

የድሮ መኳንንት እልፍኝ አስከልካይ ነበራቸው። እልፍኝ አስከልካይ ወደ ጌታው ገብቶ «አንድ ሰው በር ላይ አለ፤ ይግባ ወይስ አይግባ?» ቢል በማግስቱ ከሥራው ይባረር ነበር። «እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ ከዚህ አገር፣ ስለዚህ ጉዳይ መጥቷል» ማለት ነው ሥራው። ጌታው የሚፈርደው ከተነገረው ተነስቶ ነው። የኛ ሳጥን ግን የፋይሉን ስም በባዕድ ፊደል አስቀምጣ ፍርዱን ላንተ ትጥላለች። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽስ? «ጠይቄህ ነበር እኮ!» ትልሃለች። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲሆን መልስ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ፊርማህን ነው።

አንድ ነገር ግን ላመስግናት። ስክሪኑ የሚጨልመው ለማስደንገጥ ብቻ አይደለም። በዚያች ቅጽበት ሌላ ፕሮግራም ሁሉ ከመድረክ ስለሚወርድ፣ ከጓሮ ሆኖ በአንተ ስም «የስ» የሚጫን እንዳይኖር ነው። ጣቱ ያንተ መሆኑን ታረጋግጣለች። ልብህ ይኑርበት አይኑርበት ግን የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ለመሆኑ ይህ ዘበኛ ከየት መጣ? በ2001 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ በየቤቱ ሲገባ ባለቤቱን «አድሚኒስትሬተር» አድርጎ ነበር። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የተቀመጠ ሁሉ ንጉሥ ነው፤ ንጉሡ የከፈተው ፕሮግራም ሁሉ ደግሞ የንጉሡን ቀለበት አጥልቆ ይሠራል። ዘፈን ሊሰማ በከፈተው ፋይል ውስጥ ቫይረስ ካለ፣ ቫይረሱም በንጉሥ ሥልጣን ቤቱን ያተራምሰዋል። ፕሮግራም ሠሪዎችም ይህንን ለምደው፣ ፊደል ለመክተብ እንኳ የንጉሥ ቀለበት አምጡ የሚል ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። በጥር 2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ይህንን ልማድ ሊሰብር መጣ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ይቀመጥ፤ ፕሮግራሞቹ ግን እንደ ተራ ሰው ይግቡ፤ ቀለበት የሚፈልግ ሲመጣ ዘበኛው ይጠይቅ፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር። በነገራችን ላይ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል አብሮ ይዞልን የመጣው ዊንዶውስ ይኸው ቪስታ ነው። ፊደላችንና ዘበኛው በአንድ ጭነት ነው የገቡት።

ዓለም ግን በአንድ ድምፅ አማረረ። ተፎካካሪው አፕል ሳይቀር በቴሌቪዥን ማስታወቂያው ጥቁር መነጽር ያደረገ ጠባቂ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ አቁሞ፣ ለእያንዳንዷ ቃል «ይፈቀድ ወይስ ይሰረዝ?» እያስባለ ተሳለቀበት። በሚያዝያ 2008 ደግሞ ዴቪድ ክሮስ የተባሉ የማይክሮሶፍት ኃላፊ ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የደኅንነት ጉባኤ ላይ ቆመው፣ ይህንን ነገር ያስገባነው ተጠቃሚውን ለማበሳጨት ነው፣ የምሬን ነው፣ አሉ። ሰውየው ሐቀኛ ናቸው። ተጠቃሚው ሲበሳጭ ፕሮግራም ሠሪው ላይ ይጮኻል፤ ፕሮግራም ሠሪውም ያለ ቀለበት የሚሠራ ፕሮግራም ለመሥራት ይገደዳል ነው ነገሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው! ዱላው የሚያርፈው ደምበጫ ላይ በሁለት ጣት ሙሾ በሚለቅሙት ሽማግሌ ላይ ነበር።

ዱላው አልሠራም ልል ግን አልችልም። ኩባንያው ባወጣው አኃዝ መሠረት ይህችን ሳጥን የሚያስነሡት ፕሮግራሞችና ተግባራት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ775 ሺህ በላይ ከነበሩበት ወደ 168 ሺህ ግድም ወርደዋል። ልማድ ተሰበረ ማለት ነው። በዚያው ሰነድ ላይ ግን ሌላ አኃዝ አለ። ሰዉ ከመቶ ጥያቄ 89ኙን እሺ ብሎ ያልፈዋል፤ በተሻሻለው ቪስታ ላይ ደግሞ 91ዱን። የፕሮግራም ሠሪዎቹን ክፉ ልማድ ሲሰብሩ በእኛ ጣት ላይ ሌላ ልማድ ተከሉ።

ይህንን ልማድ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ስትገቡ፣ ሆቴል ስትገቡ፣ ሲኒማ ስትገቡ ፍተሻ አለ። እጅ ወደ ላይ፤ ደረትና ወገብ ዳበስ፤ ቦርሳ ከፈት። ፈታሹ ቦርሳውን ያየዋል እንጂ ውስጡን አያየውም። «ምንድነው?» «መጽሐፍ ነው።» «እሺ፣ ይለፉ።» በቀን አምስት ጊዜ የተፈተሸ ሰው በስድስተኛው ሳይጠየቅ እጁን ያነሣል። በቀን አምስት መቶ ሰው የዳሰሰ ፈታሽም በአምስት መቶ አንደኛው ላይ እጁ ብቻ ነው ያለው። ስብሰባዎቻችንስ? «የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» እጃችንን ያነሣንበትን ነገር ከአዳራሹ ስንወጣ እርስ በርስ እንጠያየቃለን። ስልካችን ላይ «ተስማምቻለሁ» የምንለውን ውል ስንቶቻችን አንብበነዋል? የስ በለው ያልጀመረው በኮምፒዩተር አይደለም። ኮምፒዩተሩ ያገኘን ሠልጥነን ነው።

ወደ ደምበጫ ልመልሳችሁ። በ2004 ዓ.ም. ክረምት ላይ ልጁ ከጓደኛው በፍላሽ አንድ ጌም ያመጣል፤ ከነክራኩ። ክራክ ያለ ክፍያ መክፈቻ ቁልፍ መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል። አብራው የምትመጣ የመመሪያ ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትጀምረው «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» ብላ ነው። ሌባ አጥር ሥር ቆሞ «ጌታዬ፣ እባክዎ መጀመሪያ ውሻዎን ይሰሩልኝ» ቢል ማን እሺ ይለዋል? እዚህ ግን እሺ እንላለን። ልጁ አንቲቫይረሱን አጠፋ። ሌላውን ውሻ አጎቱ ከዓመት በፊት አስሮለታል። ጌሙን ከፈተው፤ ማንም አልጠየቀውም። በማግስቱ ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ። ከተማው ውስጥ ያለ ባለሙያ ጋ ተወሰደ፤ «መፍትሔው ፎርማት ነው» ተባለ፤ ፎርማት ተደረገ። ጋሼ የጻፉትን ሁሉ የሚያስቀምጡት ዴስክቶፑ ላይ ነበር። ከ14 ደብተር አምስቱ ተገልብጠው አልቀዋል። እነዚያን አምስት ደብተሮች ደግሞ «ከእንግዲህ ኮምፒዩተር ውስጥ አሉ» ብለው ለጎረቤት ባለሱቅ ለመጠቅለያ ሰጥተዋቸው ነበር። የስንት መንደር ለቅሶ ስኳርና በርበሬ ተጠቅልሎበት ሄደ።

በስልክ ነው የሰማሁት። ልጁን አቀረበችልኝ እህቴ። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ እሱ ግን ቀደመኝ። «አጎቴ፣ ሳጥኗ ብትኖርም እኮ የስ ነበር የምላት» አለኝ። እውነቱን ነው። ተቀብሎ ስልኩን የያዘው አባቱ ነበሩ። ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰብኝ። «እኔ ግን ልጄ፣ ያልለመድኩት ነገር ቢጠይቀኝ ለአንተ ደውዬ እጠይቅህ ነበር» አሉኝ።

እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጡም። ሳጥኗ ለልጁ ምንም አልነበረችም፤ ስለዚህ ማጥፋቴ ልጁን አልጎዳውም። ለጋሼ ግን አንዲት የማመንታት ጊዜ ነበረች። እሳቸው አማረሩባት እንጂ አንብበዋታል፤ በየቀኑ የምትመጣውን ከእንግዳዋ ለይተው ያውቁ ነበር። እኔ ነኝ የበሽታውን ምልክት አጥፍቼ በሽተኛው ዳነ ያልኩት። የሚያስጨንቃቸው ያ ፊርማ አልባ መጻፊያ ነበር፤ እሱን መቀየር ወይም ማስተካከል ስችል፣ ቀላሉን መርጬ ጥያቄውን ራሱን ከቤቱ አስወጣሁት። ሳጥኗ ብትኖር ጉዳቱ ይቀር ነበር ብዬ መማል አልችልም። በሰው ቤት፣ በሰው ፋንታ፣ ለዘለዓለም የስ ያልኩት እኔ መሆኔን ግን እምላለሁ።

ይህ እንግዲህ የአንድ ቤት ጥፋት ነው። ይኸው ልማድ ለሌላ የታለመበት ታሪክም አለን። በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ አንድ ዘገባ አወጣ። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ላሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር። ኢሜይሉ ላይ ያለውን ሲጫኑ የቪዲዮ ገጽ የሚመስል ይከፈታል፤ ቪዲዮውን ለማየት «አዶቤ ፍላሽን አድሱ» ይላል። የሚጫነው ግን ፍላሽ ሳይሆን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሚሸጠው የስለላ ፕሮግራም ነበር። ዘገባው ድርጊቱን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አያይዞታል። ዒላማ ከተደረጉት መካከል ያኔ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረው ጃዋር መሐመድ በስም ተጠቅሷል። ልብ በሉ፤ ሰላዩ በር አልሰበረም። ዓለም በየሳምንቱ «ፍላሽን አድሱ» ሲባል «እሺ» ማለት መልመዱን ያውቃል፤ በዚያው በተለመደ ድምፅ መጥቶ በር አንኳኳ። እረኛው በሐሰት ጅብ መጣ እያለ ሲጮህ የኖረበት መንደር ውስጥ ጅቡ ራሱ የእረኛውን ድምፅ ተምሮ ቢመጣ ማን ይለየዋል?

ታዲያ ምን ይሻላል? ዘበኛውን እናባር የሚለው የእኔ መልስ ሆኖ አየነው። ዘበኛው ሁልጊዜ ይጩህ የሚለውም ጣታችንን አደነዘዘው። ሦስተኛው መንገድ ከንግሥና መውረድ ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት አካውንት ይከፈታል። አንዱ የአድሚኒስትሬተር ነው፤ የይለፍ ቃል ተሰጥቶት ይቀመጣል። ሌላው ተራ አካውንት ነው፤ የዕለት ሥራው ሁሉ በዚያ ይሠራል። ተራው ሰው ላይ ዘበኛው ሲመጣ «የስ ወይስ ኖ?» አይልም፤ የይለፍ ቃሉን አምጣ ይላል። ለየስ ጣት ይበቃዋል፤ ለይለፍ ቃል ግን ቆም ብሎ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ማስታወስ ደግሞ የማሰብ ታናሽ ወንድም ነው። ዛሬ ዊንዶውስ 11 ላይም ያች ተንሸራታች መቆጣጠሪያ ከነአራት ደረጃዋ አለች፤ ባለችበት ተዉአት። ፊርማ የሌለው የድሮ ፕሮግራም የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ፕሮግራሙን ቀይሩ እንጂ ጥያቄውን አታጥፉ። የጻፋችሁትን ደግሞ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ደብተሩንም ለባለሱቅ አትስጡ።

ጋሼ የቀሩትን ዘጠኝ ደብተሮች እንደ አዲስ ገለበጧቸው። የጠፉትን አምስቱን ለመተካት ወደ አልቃሾቹ ተመልሰው ሄደው ነበር። ሙሾ ግን በሞተ ሰው ፊት ካልሆነ አይወርድም፤ «ማን ሞቶ ነው የማለቅስልዎ?» አለቻቸው አንዷ። የሰጠቻቸው ጥቂት ስንኝ ብቻ ነው። ተራውን አካውንት ልጁ ራሱ ከፈተላቸው፤ የይለፍ ቃሉን አንድ ደብተር ጀርባ ላይ ጽፈው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ በኋላ ዘበኛው በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢመጣ ነው። ሲመጣ ስልኬ ይጮኻል።

«ልጄ፣ ሰውየው መጥቷል።»

«ማን ነኝ አለ ጋሼ?»

መነጽራቸውን ሲያስተካክሉ ይሰማኛል። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ እየቆጠሩ ያነቡልኛል።